አይጥ የማይገባባት ቤት ጣና ዳር ደረሰች

ጣናን አይታችሁ የማታውቁ ሰዎች አትዘኑ። ሐይቁ ትልቅ ነው፣ ውሃው ብዙ ነው፣ ጀንበር ስትጠልቅ ደስ ይላል፤ ቀሪውን ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ስልካችሁ ላይ የሌለውን ነው፤ አንዲት አይጥ ከሰባታሚት አሳፍረን ሐይቁ ዳር ድረስ እንዴት በክብር እንዳደረስናት።

አስቀድሜ ስለ ቤቷ ልንገራችሁ። አጎቴ ይበልጣል፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በያጅ ነው። በርና መስኮት ይሠራል፤ ጥሩም ይሠራል፤ ችግሩ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ መሐንዲሶች ይተኙባት የነበረች ባለ ጎማ የቆርቆሮ ቤት ለሽያጭ ወጣች፤ እሱም ገዛት። ሁለት አልጋ፣ የምትታጠፍ ጠረጴዛና አንድ መስኮት አላት። በፒካፑ እየጎተተ አገሩን ሊዞርባት ነበር። ሳይዞርባት አይጥ ገባባትና ፍራሹን ፈተፈተው። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ አጎቴ ሥራው ቀዳዳ መድፈን ሆነ።

ወለሏን ከሥር በላሜራ ዘጋ። አየር ማስገቢያዋን በወንፊት ሽቦ ሸፈነ። የመብራት ገመድ የሚያልፍባትን ቀዳዳ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቃት፤ የቀረውን በፎም ሞላው። አልበቃውም። መጎተቻውን ብረት የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ በየጥጉ ነጭ ሽንኩርት ሰቀለ። የሚከላከለው አይጥ ነው ወይስ ቡዳ? ብዬ ብጠይቀው፣

"አንቺ ሳቂ! ከእንግዲህ ወዲህ እንኳን አይጥ ጉንዳንም በቪዛ ነው የሚገባባት" አለኝ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሠርግ ቀሚስ ስትሰፋ ኖራ፣ ዘንድሮ ጣና ዳር ያለ አንድ ደብር ለኅዳር ሚካኤል የመቅደስ መጋረጃ አዘዛት። ለሦስቱ የመቅደስ በሮች ሦስት መጋረጃ፤ ቀይ ከፋይ፣ በያንዳንዱ ላይ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ መልአክ። በቤተ ክርስቲያን ሥራ የመጀመሪያዋ ነው። ካማረ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ አድባራት ሁሉ ስሟን ይሰማሉ፤ ከተበላሸም ይሰማሉ። ዓይኗ እስኪቀላ ነው የጠለፈችው። "በአውቶቡስ አይታሰብም፣ እታለም፤ እኔ በቤቴ አደርስልሻለሁ" አለ አጎቴ። መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ሰሞን እኔም ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ከመካከላቸው ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከማርቆስ እስከ ሰባታሚት

በጠዋት ተነሥተን እየተንቀረፈፍን ሄድን። አውቶቡስ ጥሎን ሄደ፣ ሚኒባስ ጥሎን ሄደ፣ ቡሬ አጠገብ ሣር የጫነ ጋሪ ሊቀድመን ሞከረ። አጎቴ በቆምንበት ሁሉ ወርዶ በባትሪ እየተንበረከከ የቤቲቱን ሆድ ያያል። ፍኖተ ሰላም ቁርስ ስንበላ እሱ ከሥሯ ነበር። እንጅባራ ሻይ ስንጠጣም እሱ ከሥሯ ነበር። እንጅባራን ወደድኋት፤ ብርዷ የእኛን የማርቆስን ብርድ ይመስላል። ዳንግላን አልፈን መራዊ ስንደርስ ግን ሙቀቱ ጀመረን፤ ባሕር ዳር አፋፍ ስንደርስማ ሹራቤን አውልቄ ተቀመጥሁበት። እዚህ አገር ኅዳርን ኅዳር የሚያሰኘው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ማታ ያደርነው ከከተማው ዳር ሰባታሚት፣ የእማዬ የአክስት ልጅ እትዬ ጥሩ ቤት ነው። አጎቴ ቤቲቱን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ አልጋ ዘርግቶ፣ መብራት አብርቶ፣ "ግቡ እንግዲህ" ብሎ በሩ ላይ እንደ ሙሽራ ቆመ። እትዬ ጥሩ ወገባቸውን ይዘው መጡ።

"የት ነው የምትገቡት?"

"እዚሁ ነዋ የምናድረው፣ እትዬ ጥሩ።"

"በሞቴ! ቤት እያለኝ እንግዳዬ ጋሪ ላይ ይደር? ሰባታሚት ምን ይለኛል?"

"ጋሪ አይደለም እኮ፤ ውስጡ አልጋ አለው።"

"አልጋ እኔም አለኝ! የኔው ጎማ የለውም፣ የትም አይሄድም። ግቡ!"

ገባን። እናንተ ይህን ስታነቡ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ በዚህ ጉዞ ሁሉ በዚያች ቤት ውስጥ ሰው አላደረም። ጎጃምም ሆነ ጎንደር እንግዳን ደጅ የሚያሳድር ሰው አይገኝማ! አጎቴ ክረምቱን ሙሉ ሲደክም ይህን አላሰበውም።

እራት የዓሣ ወጥ ነበር። እኛ ማርቆስ ዓሣ የምናውቀው በጣሳ ነው፤ እዚህ ግን ጭንቅላቱ እያየኝ በላሁት። እትዬ ጥሩ እየቆራረሱ ያጎርሱኛል፤ አጥንቱን እየለቀሙ ያጎርሱኛል፤ "ይቺ ልጅ ሥጋ የላትም" እያሉ ያጎርሱኛል። ስድቡም ምግቡም ጣፋጭ ነበር።

ሁለተኛው ቀን፤ ባሕር ዳር

ጠዋት ልንወጣ ስንል እትዬ ጥሩ አንድ ጆንያ በቆሎ ከነልባሱ አምጥተው በሩ ላይ አቆሙ። የመንገድ ስንቅ ነው። እዚህ አገር ስንቅ እንደ ምርቃት ነው፤ ሰው "አልፈልግም" ብሎ አይመልሰውም። አጎቴ ጎንበስ ብሎ፣ "ምነው እትዬ ጥሩ፣ ደከሙ" ብሎ ተቀበለና በገዛ እጁ ከአልጋው ሥር፣ ከመጋረጃው ሣጥን ጎን ሸጎጠው። ከዚያ በሩን ዘጋ፣ ወንፊቱን ነካ ነካ አደረገ፣ ፎሙን በጣቱ ተጭኖ አየ። የሚገርም ጥንቃቄ ነው!

ባሕር ዳር የገባነው ለመጋረጃዎቹ የታችኛው ጠርዝ የሚንጠለጠል የወርቅ ዘርፍ ለመግዛት ነው። እማዬ ከፋዩንም ክሩንም ከዓመታት ጀምሮ የምትገዛው ከአንድ ሐጂ ሱቅ ነው። ልጃቸው ፈቲያ እኩያዬ ናት፤ በስልክ እናወራለን። ሐጂ ባለቤታቸውን ጠርተው "ምሳም እራትም እኛ ዘንድ ነው፤ ማደሪያም" አሉ፤ አለቀ። ለእኛ የሚሆን ዶሮ በክርስቲያን ጎረቤት አሳርደው፣ በጎረቤት ድስት አሠርተው ነው ያቀረቡልን። ማርቆስ ውስጥ እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው አላስታውስም።

እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ዘርፉን ስትሰፋ ፈቲያ ቤቲቱን ካላየሁ አለች።

"ይቺ ናት? በቪዲዮ ትልቅ ትመስል ነበር።"

"ግቢና እዪ፤ ከውስጥ ደግሞ ታንሳለች።"

ገባች፤ አልጋው ላይ ተንጋለለች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋች። ከዚያ ጎንበስ አለች።

"ሜሪ፣ ጥቁር አዝሙድ ትበላላችሁ እንዴ?"

"የምን ጥቁር አዝሙድ?"

"ይኸው ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ።"

አየሁት። ጥቁር አዝሙድ አልነበረም። ሳሙናችንም ጥጉ ተበልቷል። እኔና ፈቲያ ተያይተን፣ አፋችንን ይዘን፣ ከዚያ አፋችንን ለቀን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። አጎቴ ሲሰማ እየሮጠ መጣ። ጠረጴዛውን አየ፣ ሳሙናውን አሸተተ፣ ፍርድ ሰጠ።

"ከውጭ ነው የገባችው። የባሕር ዳር አይጥ ናት። የማርቆስ አይጥ እንዲህ አትደፍርም።"

"በየት በኩል ገባች?" አልሁት።

"እሱን ነው የማገኘው!"

ከሰዓቱን ሁሉ ፎም ይዞ ሲዞር ዋለ። ቀዳዳ ሲያጣ ቀዳዳ የሌለበትንም ደፈነው። ሐጂ ከሱቅ ሲመለሱ ቆመው ካዩት በኋላ፣

"ይበልጣል፣ የኔ ሱቅ እስከ ጣሪያው ጨርቅ ነው፤ አይጥ ግን አይቼበት አላውቅም" አሉት። "ሽቦም የለኝ፣ ፎምም የለኝ። ምግብ አላስገባም፣ በቃ። ልጆቼ ቴምር እንኳ በር ላይ ቆመው ነው የሚበሉ። አንተ በቆሎ ከነልባሱ ከከፋይ ጎን አስቀምጠህ፣ አይጥ ከየት መጣች ትላለህ?"

"ስንቅ እኮ ነው ሐጂ! እትዬ ጥሩ የሰጡንን ስንቅ መንገድ ላይ ላውርደው? ቢሰሙስ?"

ሐጂ አሰቡ፣ አሰቡና፣ "እሱስ ነውር ነው" አሉ።

እዩልኝ እንግዲህ! ሁለት ትላልቅ ሰዎች እውነቱን ፊት ለፊት አይተው፣ ነውር ነው ብለው አለፉት።

ቀጥሎ የመጣው የፈቲያ ሐሳብ ነበር፤ ድመታቸው። ሡልጣን ይባላል። ሥጋው ሞልቶ ሲሄድ ሆዱ መሬት ይነካል። በሩ ተዘግቶበት እስከ አመሻሽ ቤቲቱ ውስጥ ቆየ። ሲከፈት ሡልጣን በአጎቴ አልጋ ላይ፣ በአጎቴ ትራስ ላይ፣ በጀርባው ተዘርግቶ ተኝቷል። ሳሙናው ደግሞ በሌላኛው ጥጉ ተበልቷል። የባሕር ዳር ድመት የሚያድገው ዓሣ የሚበለትበት ደጃፍ ነው፤ አይጥን እንደ ጎረቤት ነው የሚያያት።

እማዬ ዘርፉን ጨርሳ ሦስቱን መጋረጃዎች ስታጣጥፍ፣ "ይበልጣል፣ ሣጥኑን ዛሬ እነሐጂ ቤት ብናስገባውስ?" አለችው።

አጎቴ ክው አለ። "እታለም! ቤቴን ታሚያታለሽ?"

"ኧረ አላማኋትም፤ ለማንኛውም ብዬ ነው።"

"ሣጥኑን እኮ ራሴ ነኝ የሠራሁት። የዋንዛ እንጨት ነው። ማን ይገባበታል? አሁን ሣጥኑን ብታወጪ እነሐጂ ምን ይሉኛል?"

እማዬ አየችው። ወንድሟን በሰው ቤት ማዋረድ አልሆነላትም። ሣጥኑን መልሳ አስገባችው። እኔ ማታ እንጀራ እየቆረስሁ ይህን ሳስበው ነበር፤ አጎቴን የሚያህል ሰው ከቆርቆሮ ጋር እንዲህ ሲፋቀር!

ሦስተኛው ቀን፤ ከባሕር ዳር እስከ ደብሩ

ስንነሣ የሐጂ ባለቤት አንድ ትልቅ ፌስታል የተቆላ ኦቾሎኒ አምጥተው ሰጡን። አዎ፣ የእኒያው ምግብ የማያስገቡት የሐጂ ባለቤት። ፈቲያ ከኋላቸው ቆማ ዓይኗን ጠቀሰችኝ።

ዓባይን ተሻግረን በሜዳው ሄድን። አገሩ ሁሉ ለጥ ያለ ነው፤ ማርቆስ ላይ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ሜዳ ሲያይ የሆነ ነገር የተሰረቀ ይመስለዋል። ጤፉ እየታጨደ ነበር። ሐሙሲት ሳንደርስ የቤታችን አንዱ ጎማ ፈነዳ።

ለማንሣት ጭነቱ መውረድ ነበረበት። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከበቡን። አንዲት አህያ የሚነዱ እናት ቤቲቱን ከላይ እስከ ታች አይተው አጎቴን፣

"ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?" አሉት።

"ተንቀሳቃሽ ቤት ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ ምነው ቆመ?"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አጎቴ ላቡን እየጠረገ ጆንያውን ከአልጋው ሥር ሲጎትተው፣ ጥጉ ተበልቶ ኖሮ በቆሎው ተዘረገፈ። ከበቆሎው ጋር አንድ ክብ፣ ለስላሳ፣ የጎጆ ነገር ወደቀ። ከጎጆው ውስጥ አይጧ ዘላ ወጣች፤ በሴትዮዋ እግር ሥር አለፈች፤ ሕዝቡ "ያዛት! በላት!" እያለ ሲጮህባት ግራ ገብቷት ተመለሰችና በተከፈተው በር ዘው ብላ ቤቲቱ ውስጥ ገባች።

አጎቴ ከልማዱ ጮኸ፤ "በሩን ዝጉ!" ራሱም ዘሎ ዘጋው።

"አንተ ሰውዬ!" አሉ እናትዮዋ፣ "በሜዳ የነበረችውን አስገብተህ ዘጋህባት እኮ!"

እኔ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቀና ስል እማዬ አልሳቀችም። ጎጆውን በእጇ ይዛ ቆማለች። ገለባ ነው፤ በቆሎ ልባስ ነው፤ መካከሉ ላይ ግን ቀይ የከፋይ ክር አለ።

ሣጥኑን መንገድ ዳር ከፈተችው። የላይኞቹ ሁለቱ ደኅና ነበሩ። ሦስተኛው፣ ከሥር የነበረው፣ የመልአኩ የክንፍ ጫፍ ከጠርዙ አጠገብ ተበልቷል፤ እንቁላል የሚያሳልፍ ቀዳዳ። አይጧ የገባችው ከሣጥኑ ግርጌ ነው። ጨርቁ እንዳይሻግት ብሎ አጎቴ ራሱ በመሰርሰሪያ በስቶት ነበር! ቤቲቱን በሙሉ ደፍኖ ሣጥኑን በሳው። እኔ ይህን አስቤ ልፈጥረው አልችልም።

አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እታለም፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፊውና ስፊው። ዘርፉ ይሸፍነዋል። ማን ያየዋል?"

"የተጋረደለት ያየዋል" አለች እማዬ።

ጎማው ተቀይሮ መንገድ ቀጠልን።

የደብሩ መንደር ከሐይቁ ዳር፣ በዛፍ ውስጥ ነው። መሪጌታው ሽማግሌ ናቸው፤ ቅጥሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁን ነበር። ባለቤታቸው ውሃ ይዘው እግራችንን ሊያጥቡ መጡ፤ እማዬ ግን አልተቀመጠችም። መጋረጃዎቹን በመሶብ ክዳን ላይ አድርጋ ፊታቸው ዘረጋችላቸው። ሁለቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ሦስተኛውን ራሷ ገለጠችና ቀዳዳውን ከላይ አደረገችው።

"አባቴ፣ ይህን አይጥ በልቶብኛል። መንገድ ላይ ነው። አጥፌ ልሰፋው እችል ነበር፤ ሳልነግርዎ አላስገባም ብዬ ነው።"

አጎቴ ጫማውን ያያል። መሪጌታው ጨርቁን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩ።

"አይጧ በየት ገብታ ነው?"

"ከስንቅ ጋር መጥታ፣ አባቴ።"

"እህ። ስንቅስ አይመለስም።" ጨርቁን አጠፉት። "ልጄ፣ አይጥ የቀመሰውን መቅደስ አላስገባም።"

"አውቃለሁ፣ አባቴ።"

"ሁለቱ ይሰቀሉ። በሦስተኛው በር አሮጌው ይቆይ፤ አሮጌ ነው እንጂ ንጹሕ ነው። ይህን ውሰጂው፤ የተበላውን ቆርጠሽ ጥለሽ፣ ክንፉን እንደገና ጠልፊው። ለትንሣኤ አምጪውና ባርከን እንሰቅለዋለን።"

እማዬ ጉልበታቸውን ሳመች። የዚያን ጊዜ ነው እግሯን ለመታጠብ የተቀመጠችው።

አራተኛው ቀን፤ ኅዳር ሚካኤል

በጠዋት መንደሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ እያቃጠለ ነበር፤ በኅዳር ሚካኤል እንደሚደረገው ሁሉ። እኛ ማርቆስም ይታጠናል፤ ግን እንዲህ ጭሱ ሐይቁን እስኪጋርደው አይደለም። አጎቴ ጭሱን አይቶ ዓይኑ በራ። አንድ ባልዲ ሙሉ የሚጨስ ፍግ ቤቲቱ ውስጥ አስገብቶ፣ "አሁን ትወጣለች!" ብሎ ዘጋ። ቀዳዳ ስለሌላት ጭሱም አልወጣ፣ አይጧም አልወጣች። አልጋውና ፍራሹ ብቻ ፍግ ፍግ ሸተቱ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኔና እማዬ ከሴቶቹ ጋር ቆምን። ሁለቱ አዲሶቹ መጋረጃዎች በጧፉ ብርሃን ያበራሉ፤ መላእክቱ የሚነሡ ይመስላሉ። በኩራት ልፈነዳ ነበር። በእኛ በኩል ባለው በር ግን ያ ደብዛዛው፣ ሰም የነጠበበት አሮጌው ተሰቅሏል። እማዬ አዲሶቹን አንዴ እንኳ ዞራ አላየችም፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አሮጌውን ስታይ ቆመች። አጎቴን ልሰድብ ቃል ሳዘጋጅ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውሁት።

ሲያልቅ ከአጠገባችን የቆመች ሴት ለጓደኛዋ፣ "ያኛውን ለምን አልለወጡትም?" ስትል ሰማን።

"አይጥ በላው አሉ።"

እማዬ ዞረች። "እኔ ነኝ ሰፊዋ። አዎ፣ አይጥ በልቶብኛል። ለትንሣኤ ይመጣል።"

ሴቶቹ ደነገጡ። አንደኛዋ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "እነዚያን ሁለቱንም አንቺ ነሽ የሰፋሻቸው?" አለች።

"እኔው ነኝ።"

"እጅሽ ይባረክ። እንዲያው እጅሽ ይባረክ" አለችና የእማዬን እጅ ይዛ ቆየች።

አምስተኛው ቀን፤ መልስ

በጠዋት ተነሣን። አጎቴ ሌሊቱን አስቦበት ነበርና ፒካፑን ሳያስነሣ ጀመረ።

"እታለም፣ አሁን ገባኝ። ጥፋቱ የሣጥኑ ነው። ለትንሣኤ የብረት ሣጥን እበይድልሻለሁ፤ ክዳኑ በጎማ የሚታሸግ። ከዚያ ቤቷን ከውስጥም በላሜራ እለብጣታለሁ..."

"ለትንሣኤ በአውቶቡስ ነው የምመጣው" አለች እማዬ።

የተበላውን መጋረጃ በነጠላዋ ጠቅልላ ጋቢና ውስጥ ገባች፤ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ አቀፈችው። እኔ መካከል ገባሁ፤ የጥቅሉ ግማሽ እኔ ጉልበት ላይ ተረፈ። አጎቴ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ሦስታችን እንደ ሰርዲን ሆንን። መሪውን ሊያዞር ሲል ክንዱ ከፋዩ ላይ አረፈ፤ እማዬ አነሣችለት። ማርሽ ሊያስገባ ሲል ክርኑ ነካው፤ እንደገና አነሣችለት።

"እታለም፣ እሱን ከኋላ ብናደርገውስ? ጠበበኝ እኮ!"

እማዬ መንገዱን እያየች፣ ድምፅዋን ከፍ እንኳ ሳታደርግ፣

"ከጠበበህ ቤትህ ከኋላ አለልህ" አለችው።